ቀይ የተቀባው መሰላል

እሳት አጥፊው አንሴልሞ ቪዳል የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መሰላል የመውጣት ትርኢት ሲያሳይ፣ ግማሹ የኪልዌ ወደብ ሕዝብ ቆሞ እያጨበጨበለት ነው። ኢንስፔክተር ናዛሪዮ ኦያርሱን ሲደርስ ሬሳው በእሳት አጥፊዎቹ ባንዲራ ተሸፍኖ ነበር። ከጎኑ ሰማንያ ኪሎ የአሸዋ ጆንያና ከመሃሉ የተሰበረ የእንጨት መሰላል ወድቀዋል። መሰላሉ ገና ቀለሙ የሚሸት ደማቅ ቀይ ነው።

«ገዳዩን ይዘንልዎታል፣ ጋሼ ኢንስፔክተር» አለ የበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎቹ አዛዥ ሉካስ ኢራሶ። «እርስዎ መፈረም ብቻ ነው።»

የተያዘው አናጺው ባልዶሜሮ ነው፤ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ። የእሳት አጥፊ ብርጌዱን መሰላሎች አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው እሱ ነው። በእነዚያ አርባ ዓመታት አንድም መሰላል ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ስንጥቅ ቢኖር እንዲታይ ዘይት ብቻ ነበር የሚቀቡት። ኢራሶ ለብርጌዱ መቶኛ ዓመት በዓል ሁሉም ቀይ ይሁን ብሎ ሲያዝ ግን ሽማግሌው የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ቀቡት። ሰው ሲሞት ታዩታላችሁ» ብሎ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ሰው ሞተ። ዳኛው ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወደ አውራጃው እስር ቤት ሊልከው ነው። የዚያ ቤት እርጥበት ጎረምሳውንም ይጥላል፤ ባልዶሜሮ ደግሞ ድሮውንም ሳንባው ታሞ ያስላል። ከገባ እንደማይወጣ ኦያርሱን አልጠፋውም።

መጀመሪያ ወደ እሱ ሄደ።

«አባባ፣ መሰላልዎ ለምን ተሰበረ?»

«እኔን ማን አሳየኝና።»

«ሲሠሩት ስንት ኪሎ ነበር?»

«አርባ ሰባት። ከነሽቦው።»

«የምን ሽቦ?»

ሽማግሌው ቀና አለ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፊቱ ይለወጣል።

«እንጨት ብቻውን ዘጠኝ ሜትር ሄዶ ሸክም ይችላል እንዴ፣ ልጄ? በሁለቱ ቋሚዎች ሆድ፣ ግድግዳውን በሚያየው በኩል፣ ጠባብ ቦይ አለ። ቦዩ ውስጥ ሽቦ ይወጠርና ጫፍና ጫፉ በዳዶ ይጠብቃል። ሰው ሲወጣ እንጨቱ በሆዱ በኩል ሊሰነጠቅ ይፈልጋል። ሽቦው ነው አይዞህ የሚለው።»

ኦያርሱን ስብርባሪውን አስጭኖ ወደ ዓሣ ገበያ ወሰደው፤ በከተማው የሚታመን ሚዛን ያለው እዚያ ነው።

«ዛሬ ደግሞ የመሰላል ኪሎ ስንት ገባ?» አለች ሚዛን ያዧ።

«አንቺ መዝኚው እንጂ።»

አርባ ሁለት ተኩል። ቀለም ደግሞ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ኦያርሱን በሰንጢ የቋሚውን ሆድ ፋቀ። ከቀለሙ ስር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ስር በጥንቃቄ የተጠቀጠቀ የጥጥ ፈትል አገኘ። ሽቦ የሚባል የለም። ዳዶዎቹ ግን ግራሶ ተቀብተው በየቦታቸው ታስረዋል። እዚያው በዓሣው መሐል ቆሞ ብዙ አሰበ፤ ያሰበው ነገር ደስ አላለውም።

ኢራሶን ቢሮው አገኘው።

«መጋዘኑን የሚከፍተው ማነው?»

«እኔ፣ ሟቹና ወንድሙ ፌርሚን። ሽማግሌውም እስከ ጠቡ ድረስ።»

«ቀለሙንስ ማን ቀባ?»

«ያለፈው እሁድ ሁላችንም ተጋግዘን። ምነው፣ ቀለም ሰው ይገድላል?»

«የአሸዋው ጆንያስ?»

ኢራሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ ጠዋት የመጣልኝ ሐሳብ ነው። ጆንያውን እንደ ዳነ ሰው ተሸክሞ ሲወርድ ሕዝቡ ይይልን ብዬ። ከእኔና ከአንሴልሞ በቀር ያወቀ አልነበረም።»

ማታ ላይ ሐዘን ቤት ገባ። የሟቹ እናት ዶና ክሎሪንዳ የሚቀመጥበትን ወንበር በመዳፏ ጠረገችለት። ታናሹ ፌርሚን፣ ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ቅጥራን የለመደ ጣቱን እያፋተገ የቀረበለትን ሾርባ ያያል።

«ነገ እኮ ውድድሩ ነበር» አለች እናት። «መሰላል ተሸክሞ ሮጦ፣ አቁሞ፣ ወጥቶ መውረድ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጎረቤት ከተማ ልጆች ተሸነፈብኝ፤ አምና በሁለት ሰከንድ። ሰዓቱን የሚይዝለት ይሄ ወንድሙ ነው። ዘንድሮ ‹ትበራለህ› ይለው ነበር።»

«አንተ ዛሬ አላየኸውም?» አለ ኦያርሱን ወደ ፌርሚን ዞሮ።

«ሥራ ላይ ነበርኩ። ጀልባ ውሃ እንዳያስገባ ስንጥቁን እደፍናለሁ።»

ኦያርሱን ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ሊወጣ ሲል ዶና ክሎሪንዳ እጁን ያዘችው።

«ጌታዬ፣ ልጄን ማን እንደገደለብኝ ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

«እነግርዎታለሁ» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ተጸጸተ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢራሶን፣ ፌርሚንንና ዶና ክሎሪንዳን በብርጌዱ አዳራሽ ሰበሰበ። ባልዶሜሮን በሁለት ፖሊስ አስመጣው። ስብርባሪው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

«መሰላሉ ሽቦው ወጥቶ ነው የተሰበረው» ሲል ጀመረ። «ሚዛኑ መሰከረ። ጥያቄው ማን አወጣው ነው። ሊገድል የፈለገ ሰው ቋሚውን በመጋዝ ነካ ያደርገዋል፣ ይበቃል። ይሄኛው ግን ዳዶዎቹን ግራሶ ቀብቶ መልሷቸዋል። ሽቦውን ኋላ ሊመልስ ያሰበ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን ያወጣዋል?» አለ ኢራሶ።

«እንዲቀል። በውድድር አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ ይወርዳል፤ ያን እንጨቱ ይችለዋል። ሰማንያ ኪሎ ሲጨመርበት ግን አልቻለም። ጆንያው እንደሚመጣ ደግሞ ያ ሰው አያውቅም ነበር፤ እርስዎ ነዎት የጨመሩት። ቦዩም በቀለም ባይሸፈን ኖሮ መጀመሪያ መሰላሉን የተሸከመው ሰው ያየው ነበር።»

ኢራሶ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ዶን ባልዶሜሮ፣ ቦይ ሲደፍኑ በምን ይደፍናሉ?»

«በእንጨት ነዋ። ቀጭን ፍላጭ ሙጫ ቀብቼ። በሌላ እንዴት ይደፈናል?»

«በጥጥ ፈትል። ፈትሉን ጠቅጥቆ፣ ከላይ ስቱኮ። ግድግዳ ቀቢ እንዲህ አያደርግም፣ አናጺም አያደርግም። የለመደ እጅ ነው ሳያስበው ያደረገው። በዚህ ቤት የጀልባ ስንጥቅ በጥጥ የሚደፍን አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም የፌርሚንን እጅ አየ። እሱም እጁን አየ።

«ሽቦው ጀልባ ቤት ነው ያለው» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ዘይት ቀብቼ፣ ጠቅልዬ። ከውድድሩ ማግስት፣ ዛሬ፣ ልመልሰው ነበር። አምስት ኪሎ እኮ ናት። ለእሱም አልነገርኩትም፤ በጉልበቴ አሸነፍኩ እንዲል ፈልጌ። አንድ ቀን እንዲያሸንፍ ብቻ።»

ባልዶሜሮ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ ተነሳ፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቁት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ሠራሁ፣ እኔ አበላሸሁ ብለው ይጻፉ። የሚቀረኝ ዓመት ምንድነው? እሱን ለእናቱ ይተዉላት።»

«አልችልም፣ አባባ።»

«ይችላሉ። ብዕሩ በእጅዎ ነው።»

«አልችልም» አለ ኦያርሱን ደግሞ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ሲቆይ እውነትን አግኝቶ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም። የሽማግሌውን ካቴና ራሱ ፈታ። ፖሊሱ ያንኑ ካቴና ይዞ ወደ ፌርሚን ሄደ።

ዶና ክሎሪንዳ አላለቀሰችም። ተነስታ የልጇን ኮሌታ አስተካከለች፣ የኮቱን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈችለት፣ ከዚያ ወደ ኦያርሱን ዞረች።

«ጠያቂ የሚገባው መቼ ነው?»

«እሁድ እሁድ፣ እማማ። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት።»

«መካነ መቃብሩም የሚከፈተው እሁድ ጠዋት ነው» አለች። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ጌታዬ፤ ወደየትኛው ልሂድ?»

ኦያርሱን ደብተሩን ከፈተ፤ የሚጽፈው ስላልነበረው መልሶ ዘጋው።