ሁለት ደቂቃ ከስታዲየሙ በላይ

ነቢዩ ከመኪና ማቆሚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የወደቀው ቅዳሜ ቀን ነው። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ስታዲየም የዩኒቨርሲቲው ቡድን የዓመቱን የመጨረሻ የሜዳውን ጨዋታ እየተጫወተ ነበርና፣ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ሲጮህ የእሱን ጩኸት የሰማ አልነበረም። በረዶ በያዘው አስፋልት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከጎኑ ክንፎቿ የረገፉ ድሮን ወድቃለች፤ በእጁ የምትመራበትን ኮንትሮለር ይዟል። ፖሊስ ሲደርስ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። «እኔ ነኝ ያበረርኳት» አለው በእንግሊዝኛ። አምቡላንስ ውስጥ አረፈ።

ሰውየው ራሱ ካመነ ማን ይመራመራል? ሪፖርቱ በሦስት ቀን ተጽፎ ተዘጋ። የሠርግ ቪዲዮ አንሺ፣ በጨዋታ ሰዓት፣ በተከለከለ ሰማይ ላይ ድሮን ሲያበርር፣ ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሲራመድ ወደቀ። ይኸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ የትምወርቅ በምትሠራበት ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ መውጫ ላይ ቆማ የመስታወቷን ኪዮስክ አንኳኳች። ውስጥ የተቀመጠችው ዛሂዳ ናት። ዛሂዳ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የነፍስ ግድያ መርማሪ ነበረች፤ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ። ሰው ይህን ሲያነሣባት፣ «ያኔም ሥራዬ ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ ብሎ መጠየቅ ነበር፤ አሁንም ያው ነው» ትላለች።

«እትዬ ዛሂዳ፣ ባሌ ሕግ አልጣሰም።»

«ጣስኩ ብሏል ይላሉ።»

«ብሏል። ግን አልጣሰም።»

«ነይ ግቢ፤ ብርዱን አታስገቢብኝ።»

የትምወርቅ ገብታ ቆመች፤ መቀመጫው አንድ ብቻ ነው። «ጌም ባለበት ቀን፣ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ፣ ካለቀም በኋላ አንድ ሰዓት እስኪሞላው፣ ከስታዲየሙ ሦስት ማይል ዙሪያ ድሮን ማብረር በፌደራል ክልክል ነው። እሱ ላይሰንስ ያለው ሰው ነው። የጌሞቹን ሰዓት ፍሪጃችን ላይ ይለጥፋል። የልጃችንን የኢያኤልን ልደት ይረሳል፤ ያንን አይረሳም! አሁን ቸርች ስገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። በሰው ራስ ላይ የቀለደ ሆነ ስሙ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ስም ልታድግ ነው?»

«እኔ እኮ ባጅ የለኝም። ያለኝ ይሄ ብርቱካንማ ጃኬት ነው።»

«ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ብቻ!» አለች ዛሂዳ። «ማወቅን ሰው ሁሉ ‹ብቻ› ይለዋል። በይ፣ ምን ሰጡሽ?»

የትምወርቅ ፖሊስ የመለሰላትን ላስቲክ ከፈተች። በመቀስ የተቀደደ ጃኬት ነበር። የነቢዩ ስልክ ኪሱ ውስጥ እንደ ብስኩት ደቅቋል። ከደረት ኪሱ የወጡ ሁለት የድሮን ባትሪዎችም አሉ፤ ኮንትሮለሩም አለ።

«ባትሪ ደረቱ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ብርድ ይገድለዋል። እዚህ አገር ክረምት ሲገባ እንደ ጫጩት አቅፎ ነው የሚያሞቀው። ጨዋታው አልቆ ሰዓቱ ሲሞላ ሊያበርር ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ዛሂዳ የኮንትሮለሩን ስክሪን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጭረት እንኳ የለውም። ከዚያ ሪፖርቱን አነበበች። ድሮኗ ስታዲየሙ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል የታየችው ከእኩለ ቀን አሥር ደቂቃ አልፎ ነው። ሰው ወደቀ ተብሎ የተደወለው ደግሞ ከእኩለ ቀን ሃምሳ ደቂቃ አልፎ።

«ነቢዩ የዚያን ቀን ሥራ ነበረው?»

«ከስታዲየሙ በመኪና ሃያ ደቂቃ በሚርቀው ፕሊማውዝ ሠርግ ነበራቸው። እሱ፣ ዋለና ሐጌ።»

ዋለ የነቢዩ የሥራ ሸሪክ ነው። ሐጌ የነቢዩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሀገር ቤት የመጣው በሚያዝያ ሲሆን የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ የሚጠብቅ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው።

ዋለ ፕሊማውዝ በሚገኘው ስቱዲዮው ዛሂዳን እየሳቀ ተቀበላት፤ እየሳቀ የማይሠራው ነገር የለም።

«ኢንስፔክተር! የፓርኪንግ ቅጣት ይዘሽ መጣሽ?»

«እንደ ጥፋትህ። ነቢዩ ከሠርጉ መቼ ወጣ?»

«ውይ፣ እሱን ማን አየው? ግርግር ነው። ብቻ ድሮኗን ይዞ ጠፋ። ተው ብዬው ነበር፤ እልኸኛ ነው፣ ነፍሱን ይማርና።»

«ሐጌስ?»

«ሐጌ ከእኔ ጋር ነበር። ቀኑን ሙሉ መብራት ሲይዝልኝ ነበር።»

«ሙሽራዋ ስትገባ የቀረጽከውን አሳየኝ።»

«ለምን?»

«ሠርግ እወዳለሁ።»

ቪዲዮው ላይ ነቢዩ ካሜራውን ደቅኖ በሙሽራዋ ፊት ወደ ኋላ እየተራመደ ይታያል፤ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። ከጥጉ ሰዓቱ ተጽፏል፤ ከእኩለ ቀን አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። ሙሽራዋ በሩ ላይ እንደ ጨረቃ ታበራለች። መሀል ስትደርስ ደበዘዘች። መድረኩ ጋ ስትደርስ ፊቷ ጠቆረ።

«ምነው ጠቆረች?» አለች ዛሂዳ።

«የአዳራሹ መብራት ነው» አለ ዋለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ተናገረ።

የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ሎሚ ሪችፊልድ ሰፈር በሚገኘው ቤቷ ውስጥ የሠርግ ዕቃ እያጣጠፈች ነበር። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ሰው ሞቶ ይሄን ማለት ነውር ነው፤ ግን ዛሂዳ፣ ኬኩ ሲቆረስ ካሜራ አልነበረም! የዋለ ስልክ ጮኸ፤ ለነቢዩ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ልጁ ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሮጠ። ሮጠ ነው የምልሽ!»

«ዕቃ ይዞ?»

«ጃኬቱን ነው የያዘው፤ እሱንም እየለበሰ ነው የወጣው።»

«የሰማዩን ቪዲዮ ማን ነው የፈለገው?»

ሎሚ ጨርቁን አጠፈች፤ ዘረጋችው፤ መልሳ አጠፈችው። «እኔ። ሙሽራው የተመረቀው ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስታዲየሙ ሰው ሞልቶበት እንዲታይ ብዬ። ለእህቴ ልጅ ሐይቁን ከነጀልባው ቀርጸውላታል፤ የኔ ልጅ ምን በደለች? መጀመሪያ ጨዋታው ከሰዓት ነበር፤ ጠዋት ሰው ሲሰበሰብ እንቀርጻለን ተባለ። ከዚያ ለቴሌቪዥን ብለው ወደ ረፋድ አመጡት። ካርዱ ታትሟል፣ አዳራሹ ተይዟል! ነቢዩ በፍጹም አለ። ዋለ ግን ‹እትዬ ሎሚ፣ ለእኔ ተዪው፤ ሁለት ደቂቃ ናት› አለኝ።» ቀና አለች። «ሁለት ደቂቃ ምን ያመጣል ብዬ ነው እኮ።»

እሑድ ከቸርች መልስ ዛሂዳ ሁሉንም የትምወርቅ አፓርትመንት ሰበሰበቻቸው። ዋለ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሎሚ የያዘችውን ምግብ ማስቀመጫ አጥታ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሐጌ መሬት ላይ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ኢያኤል መኝታ ቤት ካርቱን ታያለች።

«ፖሊስ አይደለሁም» አለች ዛሂዳ። «የምላችሁን መስማት የማይፈልግ ተነሥቶ መውጣት ይችላል። የሚወጣውን ግን አያለሁ።»

ማንም አልተነሣም።

«ነቢዩ ከአራት ፎቅ ሲወድቅ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ዱቄት ሆኗል። እጁ ላይ የተገኘው ኮንትሮለር ጭረት የለውም። ስለዚህ አብሮት አልወደቀም፤ ከወደቀ በኋላ ነው እጁ የገባው። ድሮኗ ስታዲየሙ ላይ ስትታይ ነቢዩ ሙሽራ ፊት ቆሟል፤ በዋለ ካሜራ አይቼዋለሁ። ያበረረው ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ በዚያ ግርግር ድሮኗን ስንት ሰው ሊወስዳት…» ብሎ ጀመረ ዋለ።

«ቆይ። ነቢዩ የሞቁትን ባትሪዎች ደረቱ ላይ ይዟል። ድሮኗ ውስጥ የነበረው እንግዲህ ብርድ የመታው፣ መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ መሆን አለበት፤ እሱ ነው በሁለት ደቂቃ የጣላት። አንተ እዚህ አሥራ አምስት ክረምት ያሳለፍክ ሰው ነህ፤ ይህን አትሳሳትም። የሚሳሳተው ክረምቱ የመጀመሪያው የሆነ ሰው ነው።»

ሐጌ ምንጣፉን ማየቱን አላቆመም።

«ቀኑን ሙሉ መብራት ያዘ አልከኝ። ሙሽራዋ ስትሄድ መብራቱ አልተከተላትም። በሩ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ የሚይዘው ሰው አልነበረማ! ከዚያ ስልክህ ጮኸ፤ ነቢዩ ሮጠ። የከበደኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያላደረገውን ሰው እየሞተ ለምን አደረግሁ ይላል? ለሸሪኩ አይልም፤ ለደንበኛው አይልም። ፌደራል ሕግ ቢነካ የጥገኝነት ኬዙ የሚበላሽበት ሰው ሲኖረው ነው እንዲህ የሚለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐጌ፣ ኢንተርቪውህ መቼ ነው?»

«ረቡዕ» አለ ሐጌ።

የትምወርቅ የመኝታ ቤቱን በር ዘግታ ተመለሰች።

«ዋለ ‹ወንድምህ ፈሪ ነው፤ አንተ ሞክራት› አለኝ» አለ ሐጌ። «መኪናውን ሰጠኝ። ከመኪና ማቆሚያው አራተኛ ፎቅ ላይ አነሣኋት፤ ስታዲየሙ ጫፍ ላይ ቆየች፤ ስመልሳት ጠፋችብኝ፤ ከሕንፃው ውጭ ያለች ጠባብ ጠርዝ ላይ ወደቀች። ለዋለ ደወልኩ። ነቢ መጣ። አልሰደበኝም። ‹ጨዋታው አልቆ ሰዉ ሲወጣ ሕፃን ራስ ላይ ብትወድቅስ?› አለና ግድግዳውን ተሻገረ። በረዶ ነበር። ያዝኳት ሲል…» እጁን ዘረጋ።

«ወርደህ አገኘኸው» አለች ዛሂዳ።

«ያወራ ነበር! ‹ኮንትሮለሩን ስጠኝ፤ አንተ ሂድ። እኔ ሲቲዝን ነኝ፤ ቢበዛ ይቀጡኛል› አለኝ። ‹የትምወርቅ ትቆጣለች፤ እሷን እኔ አስረዳታለሁ› አለኝ። የሚሞት መስሎት አልነበረም። እኔም አልመሰለኝም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ ነበር።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሎሚ ለራሷ። ዋለ አፉን ይዞ ግድግዳ ያያል።

ሐጌ ተነሣ። «ነገ ሄጄ እናገራለሁ። ስሙን አጸዳዋለሁ።»

ዛሂዳ ከቦርሳዋ ፖስታ አውጥታ የትምወርቅ ፊት አስቀመጠች። «ያየሁትን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ይሄ ፖሊስ ጋ ከገባ ያንቺ ባል ንጹሕ ሰው ነው። ይሄኛው ደግሞ…» ሐጌን አየችው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። አሥራ አንድ ዓመት ባጅ ይዛም እንዲህ ያለውን ጨርሳ አታውቅም።

የትምወርቅ ፖስታውን አላነሣችውም፤ አልገፋችውምም። «እኔ አስረዳታለሁ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ።»

«እንዴት አድርጎ ሊያስረዳኝ ነበር? ንገሩኛ! እንዴት አድርጎ?»

በሩ ተንኳኳ። የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ ጅሬኛ ከባለቤታቸው ጋር ምግብና መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ገቡ። ሁሉም ተነሣ። ሎሚ እንባዋን ጠረገች። የትምወርቅ ፖስታውን መጋረጃው ሥር ካለው መጽሔት ውስጥ አስገባችው። ኢያኤል እንግዳ ስትሰማ ወጥታ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

ጋሽ ጅሬኛ ጥቂት ተቀምጠው ሲያበቁ ለጸሎት ቆሙ። ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው፤ የሚናገሩት የሰሙትን ነው። «ጌታ ሆይ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይህችን እናትና ይህችን ልጅ አጽናና። ከወንድማችን ስሕተት እኛ የቀረነው እንድንማር እርዳን። ወጣቶቻችንን ከእንዲህ ያለ ድፍረትና ሕግን ከመናቅ ጠብቅልን።»

ሐጌ ራሱን ቀና አደረገ፤ ከንፈሩ ተከፈተ። የትምወርቅ አየችው። ዛሂዳም የትምወርቅን አየች።

«አሜን» አለች የትምወርቅ ቀድማው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

ኢያኤል ሽቅብ እናቷን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና እሷም «አሜን» አለች።