ከጊዜው የቀደመ መቀስ

ታላቁ ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ብርዱ ገና ከግንቡ ሥር ባልለቀቀበት ወራት፣ የአገረ ገዢው ግቢ አትክልተኛ መቀሱን ስሎ ከጽጌረዳዎቹ ፊት ቆመ። የግቢው ሰው «ልከኛው» ይለው ነበር፤ ውርጩ ፈጽሞ ሳይወጣ፣ በግንዱ ላይ ያሉት የቡቃያ ዓይኖችም ቀልተው ሳያብጡ ከርክሞ አያውቅምና። ያን ዕለት ግን የቡቃያ ዓይኖቹ ገና እንደ ተኙ ነበሩ።

ምክንያቱ ልጁ ነው። ወታደሩ ልጅ ከጦር ሜዳ ኮብልሎ ተይዟል፤ ሞትም ተፈርዶበታል፤ ፍርዱን የሚያጸናው ቃል ከጠቅላይ ሠፈሩ በቴሌግራፍ እስኪመጣ በወኅኒ ይጠብቃል። የአገረ ገዢው እመቤት ምሕረት ቢለምኑለት ባለቤታቸው እንቢ አይሏቸውም፤ ዳሩ ግን እመቤቲቱ ከእናታቸው በወረሱት ሥርዓት አቤቱታ የሚሰሙት የግቢው የመጀመሪያ ጽጌረዳ ፈንድቶ ከገበታቸው በቀረበ ዕለት ብቻ ነበር። አትክልተኛው ቀኑ እንዲቀድምለት የግቢውን አዛዥ ለመነ፤ አዛዡም አዝነው ሰሙት፤ እመቤቲቱ ለገዛ ወንድማቸው ልጅ እንኳ ቀን እንዳልቀየሩ ግን ነገሩት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የልጇን ሸሚዝ ትጥፍ ነበር። እንደ ወትሮው አበባው እስኪደርስ ቢጠበቅ ቴሌግራፉ ይቀድማል ብላ ፈርታለች። እርሱም ቀድሞ የተከረከመ ጽጌረዳ ቀድሞ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ለጋው ግን ውርጭ እንደማይችል አስረዳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝናቡ ያባራ ብለህ ሠርጋችንን ያስተላለፍክ ነህ፤» አለችው። «ለልጃችን ማን ያባራለታል?»

«ከመቀስ በኋላ መመለሻ የለም።»

«ከጥይትስ በኋላ አለ?»



በማግስቱ ከረከመ። አስቀድሞ የደረቀውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና የቀጨጨውን አወጣ፤ የቀረውን ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ ውሃ እንዳያቁር አጋድሞ ቆረጠ። እጁ አንድም ቦታ አልሳተም።

ፀሐይ ረዳችው፤ ለጋው ቀይ ሆኖ ወጣ። ሚስቱ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ፣ ልጇ ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ አንድ ጠዋት ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ፀሐይ ስትወጣ ለጋው ሁሉ የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ጠቆረ። አትክልተኛው የሞተውን እየቆረጠ ወደ ታችኞቹ ዓይኖች ወረደ፤ ጽጌረዳውም እንደገና ከሥሩ ጀመረ።

አበባው በወትሮው ዓመት የሚፈነዳበት ሰሞን በባዶ ቅርንጫፍ አለፈ። ቴሌግራፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መቀሱ ቢታገሥ ኖሮ አቤቱታው ቴሌግራፉን በቀደመ ነበር፤ ይህን ባልና ሚስቱ ሁለቱም አሰቡት፤ አንዳቸውም አልተናገሩትም። ልጁ ከከተማው ዳር ተረሸነ።

ጽጌረዳው ዘግይቶ ሲፈነዳ ቆርጦ ወደ ገበታው ማድረስ የአትክልተኛው ሥራ ነበር፤ አደረሰም። እመቤቲቱ መልኩን አደነቁ፤ በዚያም ቀን ለሌሎች እስረኞች ምሕረት አስገኙ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ የእመቤቲቱን ርኅራኄ በሰፊው ጽፎ፣ በዚያ ዓመት የምሕረቱ ቀን በውርጭ ምክንያት እንደ ዘገየ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስታወሰ። የጻፈው ሐሰት አይደለም፤ ውርጩ በእርግጥ ወርዶ ነበር። አትክልተኛውም በተከታዩ ዓመት ዓይኖቹ እስኪያብጡ ጠብቆ ከረከመ፤ አበባውም በጊዜው ደረሰ።