በማግስቱ የነጣው ቀለም

ሐሙስ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ የቴአትር ማኅበሩ ልብስ ሰፊ ማናለብሽ የአዳራሹን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ የንግሥቲቱን ሰገነት ተንዶ አገኘችው። ሰገነቱ ከእንጅባራ በጋሪ በመጣ ቀርከሃ የተሠራ፣ የሁለት ሰው ቁመት ያለው የመድረክ ዕቃ ነበር። አያ ቢሻው ከፍርስራሹ ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የማኅበሩን ዕቃ ያጠቡ፣ የወለወሉና የጠገኑ ሽማግሌ መጥረጊያቸውን እንደጨበጡ ቀርተዋል።

የመቶ አለቃ አየነው ሲደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። አየነው ሰው ሲያናግር ፊት ሳይሆን እጅ የሚያይ መርማሪ ነው። ዳንግላ ውስጥ የሰረቀ ሁሉ እሱን ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል ይባልለት ነበር። ያን ዕለት ግን ቸኮለ። መደባበቅ አያስፈልግም፤ ቸኮለ።

የሰገነቱ ሁለት የኋላ ቋሚዎች ማሰሪያቸው ላልቶ ተንሸራተዋል። ማሰሪያው የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍር ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ለስልሶ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ይጠብቃል። አየነው ጠፍሩን ቆነጠጠው። እርጥብ ነበር።

የመድረኩ አናጢና ቀለም ቀቢ የማናለብሽ ባል ምህረቴ ነው።

«መቼ አሰርከው?»

«ቅዳሜ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ እስከ ሐሙስ እንዴት አልደረቀም?»

ምህረቴ ጠፍሩን ራሱ ዳሰሰው። ረቡዕ ከሰዓት ከአያ ቢሻው ጋር ተጨቃጭቆ፣ «ይህ ሰገነት አንድ ቀን ይገድልዎታል!» ሲል ያልሰማ አልነበረም። አየነው ሌላ አልጠየቀም። ረቡዕ ማታ አላልቶ አስሮ ቅዳሜ ነው ብሎ ዋሽቷል ብሎ ደመደመ፤ ወረቀቱን ጽፎ ፈረመበት። ምህረቴ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት በሚነሣው መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ሊላክ ተወሰነ። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ፖሊስ ቆመ።

ዓርብ ጧት ማናለብሽ ስንቅ ይዛ ጣቢያው በር ላይ አየነውን ጠበቀችው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«የመቶ አለቃ፣ ደብረ ማርቆስ ከገባ መቼ ይወጣል?»

«ዳኛው ያውቃል።»

«የአጎቴ ልጅ አምና ሄደ። እስካሁን ዳኛ ፊት አልቀረበም።» ስንቁን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «አያ ቢሻው እግራቸውን ያማቸዋል። ጧት ጧት ሰገነቱ ላይ እየወጡ አቧራ ሲያራግፉ ባሌ ይጨነቅ ነበር። "ይገድልዎታል" ያለው ለዚያ ነው። እርስዎ ግን አልጠየቁትም።»

አየነው አፈረ። በማዕረጉ ልክ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

«ተከተይኝ» አላት።

ወደ አዳራሹ የሄደው ጠፍሩን ለማስረጃ ሊወስድ ነበር። ገብቶ ግን ቆመ። ከሰገነቱ በስተኋላ ተወጥሮ የተሰቀለው አቡጀዲ የቤተ መንግሥት ግድግዳ ተስሎበታል፤ በቀይ አፈርና በከሰል፣ በሙጫ ተለውሶ። ሁለቱ ቋሚዎች በነበሩበት ትክክል፣ ክንድ የሚያህሉ ሁለት የገረጡ መስመሮች ወደ ታች ወርደዋል። አየነው ትናንት በዚህ ቦታ ተንበርክኮ ነበር። ትናንት እነዚህ መስመሮች አልነበሩም፤ ዓይኑን ያምናል።

«ይህ ምንድን ነው?»

ማናለብሽ በጣቷ ነካ አደረገችው። «እላዩ ላይ ተቀብቷል። ግን የባሌ እጅ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«የአፈር ቀለም እርጥብ ሳለ ይጠቁራል፤ ሲደርቅ ይነጣል። ምህረቴ ሁሌም ከሚፈልገው አጥቁሮ ነው የሚበጠብጠው፤ እኔ ነኝ የቀለም ገበታውን የምይዝለት። ይህን የቀባው ሰው እርጥቡን ከደረቁ ጋር አስተያይቶ፣ ገጠመ ብሎ ሄዷል።»

የመቶ አለቃው ወደ ቋሚው ጎንበስ አለ። ጠፍሩ ታስሮበት በነበረው ቦታ ቀርከሃው ዙሪያውን ተነክሷል። እንዲህ ያለ ንክሻ የሚተወው ደርቆ የጠበቀ ጠፍር ብቻ ነው። ማለትም ጠፍሩ ቅዳሜ ታስሮ፣ ደርቆ፣ ጠብቆ ነበር፤ ከዚያ ነው ዳግም የረጠበው። ምህረቴ አልዋሸም።

ቀጥሎ ወደ አያ ቢሻው የሥራ ጠረጴዛ ሄደ። የተጨመቁ ሎሚዎች፣ አንዲት ያልተቆረጠች ሎሚና አንድ ጣሳ አመድ አሉ። ትናንት የሟቹ ጥፍሮች በአረንጓዴ ዝገት ተሞልተው አይቶ ነበር። በሎሚና በአመድ የሚፈተገው ነሐስ ነው። አዳራሹን ዞሮ ቢፈልግ ግን አንድም የተወለወለ ነሐስ አላገኘም።

ሙጫ የሚፈላበት ምድጃ ያለበት ግድግዳ በጢስ ጠቁሯል። ጋሻው፣ ጎራዴው፣ ዘውዱ በየምስማራቸው ተሰቅለዋል። ከመካከላቸው አንድ የእንጨት መስቀል አለ። ከመስቀሉ በስተኋላ ግን ጢስ ያልነካው የመስቀል ቅርፅ ይታያል፤ ከእንጨቱ በእጥፍ የሚበልጥ።

«እዚህ የሚሰቀለው የቆርቆሮ መስቀል ነበር እኮ!» አለች ማናለብሽ። «ከስድስት ዓመት በፊት አቶ ክንዴ ያመጡት። ሰኞ አያ ቢሻው ለማጽዳት አውርደውት ነበር። ይህኛውማ ሣጥን ውስጥ የከረመ ነው።»

የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነው፤ ሟቹ፣ የማኅበሩ መሪ አቶ ክንዴና የሕንፃው ባለቤት ነጋዴው ሙሄ። አየነው መጀመሪያ ሙሄን ሱቁ ውስጥ አገኘው።

«ረቡዕ በቀትር በጭነት መኪና ጫግኒ ወረድኩ፤ ትናንት ከሰዓት ተመለስኩ። ሾፌሩን ይጠይቁ፤ ሌሊቱን ጎማ ስንቀይር ነው ያደርነው።»

«ከአያ ቢሻው ጋር ጠብ ነበራችሁ ይባላል።»

«ነበረን እንጂ! የሙጫህ ሽታ አቡጀዲዬ ውስጥ ገባ እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ተጨቃጨቅን።» ሙሄ መቀሱን አስቀመጠ። «አሁን ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? ረቡዕ ረፋድ ላይ ሎሚ ገዝቶ ሲያልፍ፣ "ለእሑድ ወደ ግምጃ ቤት ደብር ጋሪ ፈልግልኝ" አለኝ። ለምን ብለው፣ "የጠፋ ሰው ለወገኖቹ ልመልስ ነው" አለ። ቀልዱን መሰለኝ።»

አየነው ወደ አዳራሹ ሲመለስ አቶ ክንዴ ደርሰው፣ ተውኔቱ ላይ ንጉሡ በሚቀመጡበት ዙፋን ላይ ነበሩ። ለዘውድ በዓሉ የሚደረገው ልምምድ በሞቱ ምክንያት ቀርቷል፤ እሳቸው ግን ከትናንት ጀምሮ እየመጡ ከዚያች ወንበር አይነሡም።

«ይህ መስቀል ሁሌም እዚህ የነበረው ነው?»

«ከጥንትም ይኸው ነው፤ እንጨት።»

«ረቡዕ ማታ የት አመሹ?»

«ቤቴ ጽሑፌን ሳርም። የመቶ አለቃ፣ ወንጀለኛውን ይዘዋል፤ እኛንስ ለምን ያደክሙናል?»

«ቀለም መቀባት ይሆንልዎታል?»

ክንዴ ሳቁ። «እኔ ደራሲ ነኝ። በዕድሜዬ ከብዕር በቀር ቡሩሽ ጨብጬ አላውቅም።»

«እሱስ ያስታውቃል» አለ አየነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ምህረቴ እጁን በገመድ ታስሮ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መኪና ደጅ ቆሞ ሞተሩ ይጮሃል። ማናለብሽ ባሏን አየችውና ነጠላዋን ነከሰች። ሙሄ በሩ ሥር፣ ክንዴ ዙፋኑ ላይ ናቸው።

«አያ ቢሻው አልወደቁም፤ ተገድለዋል» አለ አየነው። «ገዳዩ ረቡዕ ማታ መጣ። አቡጀዲውን የተጠጉት የኋላ ቋሚዎች ጠፍር ላይ የረጠበ ጨርቅ ጠምጥሞ አሳደረ። ጎህ ሲቀድ ተመልሶ ጨርቁን ፈታ። የደረቀው ቆዳ እንደገና ለስልሷል። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አቧራ ሊያራግፉ ሲወጡ ሰገነቱ ተናደ።»

«ይህን ደግሞ ከጠፍር አሳሪው የበለጠ ማን ያውቀዋል?» አሉ ክንዴ።

«እኔም ትናንት እንደዚያ አልኩ፤ ተሳሳትኩ። ከጨርቁ የተንጠባጠበው ውኃ አቡጀዲው ላይ ያለውን ቀለም አጥቦ ወርዷል። ገዳዩ ይህን ሊሸፍን ቀባበት። እኔ በሁለት ሰዓት ስደርስ ቀለሙ እርጥብ ስለነበር ገጥሞ ታየኝ። ዛሬ ደርቆ ነጣ። ምህረቴ ቢሆን አጥቁሮ በበጠበጠው ነበር። ማናለብሽም ይህን ታውቃለች። ሙሄ ጫግኒ መንገድ ላይ ነበር፤ ሾፌሩን አግኝቼዋለሁ። ቁልፍ ካላቸው መካከል የቀረው ቡሩሽ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው።»

ደጅ የመኪናው ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«ስለ ቀለም ብለው ሊሰቅሉኝ ነው?» አሉ ክንዴ። ድምፃቸው ግን የመድረክ ድምፃቸው አልነበረም።

«ስለ መስቀሉ ነው። አያ ቢሻው ቆርቆሮ ነው የተባለውን ሲፈትጉ ቀለሙ ለቀቀ፤ ከሥሩ ነሐስ ወጣ። የጠፋ ሰው ያሉት እሱን ነው፤ እሑድ ለደብሩ ሊመልሱት ነበር። ገዳዩ ወሰደው፤ ነገር ግን ጎህ ቀዶ ስለነበር ይዞት መውጣት ፈርቶ እዚሁ ሸሸገው፤ ከትናንት ጧት ጀምሮ ደግሞ በሩ ላይ ፖሊስ አለ። ስለዚህ አልወጣም። አቶ ክንዴ፣ እባክዎ ከወንበሩ ይነሡ።»

ክንዴ አልተነሡም። ሁለቱ ፖሊሶች አነሧቸው።

«ማናለብሽ፣ የመቀመጫውን ስፌት እይልኝ።»

ተንበርክካ አየችው። «የጎን ስፌቱ የእኔ አይደለም። እኔ ወደ ኋላ እየመለስኩ ነው የምሰፋው። ይህ እንዲሁ ከላይ ከላይ ተጠቅልሎ የታለፈ ነው።» በጥርሷ በጠሰችው። እጇን መቀመጫው በተሞላበት ጭድ ውስጥ ከትታ አንድ ክንድ የሚያህል መስቀል አወጣች።

እኩሌታው በቆርቆሮ ቀለም እንደተለሰነ ነው። እኩሌታው ግን ተፈትጎ ያበራል፤ በላዩ የሰጪው ስምና የደብሩ ስም ተቀርጿል። ማናለብሽ በአገውኛ አንድ ነገር ተናግራ ሳመችው።

«አንድ ፈረንጅ ካመጣኸው እገዛዋለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ ክንዴ። «ሰርቄ ሳመጣው አገር ምድሩ ፍለጋ ወጣ። ቀለም ውስጥ ነክሬ እዚህ ሰቀልኩት። ስድስት ዓመት ዳንግላ በሙሉ አየው፤ ማንም አላወቀውም። ቢሻውን ለመንኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። "እሑድ ይሄዳል" አለኝ፤ በቃ።»

ፖሊሶቹ ወሰዷቸው። አየነው ቢላዋውን አውጥቶ የምህረቴን ገመድ ራሱ ቆረጠው። የእጁ አንጓ ተልጦ ቀልቷል።

«ያሰርኩህ እኔ ነኝ» አለው። «ጠይቄህ ቢሆን ትነግረኝ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ማናለብሽ ባሏ ትከሻ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ እሱ ከእሷ ራስ በላይ የተንጠለጠለውን አቡጀዲ፣ የገረጡትን ሁለት መስመሮች ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ ከእቅፏ ወጣና መስቀሉን ተቀብሏት ወደ አያ ቢሻው ጠረጴዛ ሄደ። በሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቀረችውን ሎሚ ለሁለት ከፈላት፤ አመዱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ሥራ አጋምሰው አይተዉም ነበር» አለ።

አየነው መስቀሉ ማስረጃ ነው፣ አይነካም ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ የተላጠው አንጓ ላይ አረፈና አፉን ዘጋ። ወጥቶ መኪናውን ባዶውን እንዲሄድ አሰናበተው፤ ሲመለስ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ።