ተራ የያዘችው ጫማ

ውሸታም መሆኔን አልክድም።

ትምህርትና እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ከተለያየን ወዲህ ሥራዬ ወሬ መፍጠር ነው። ሁለት ራስ ያለው ጥጃ ተወለደ ብዬ መንደሩን ግማሽ ቀን ያስሮጥኩት እኔ ነኝ።

ይቺ ግን እውነት ናት። ብትፈልጉ እመኑ፣ ባትፈልጉ ተዉት...

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰው ሞልቷል። ጨለማ ምናምን የለበትም።

ቦታው የመንደራችን ጤና ጣቢያ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ አግዳሚ፣ አንዲት ነርስ። ሲስተር ነው የምንላት። ታዋልዳለች፣ ቁስል ትሰፋለች፣ ግፊት ትለካለች፣ መድኃኒት ታዝዛለች። ሐኪም ያለበት ከተማ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልቧን የሚያማት እናቴ እስከ ዛሬ የቆመችው በሲስተር ክኒን ነው።

ተራ የምንይዘው በዕቃ ነው። ማልዶ የመጣ ሰው አግዳሚው ላይ አንድ ነገር ያስቀምጥና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ባርኔጣ፣ ዱላ፣ የመነጽር ቤት... ሲስተር የመጀመሪያውን ታነሳና "የማን ነው?" ትላለች። ባለቤቱ "የኔ!" ብሎ ይገባል።

ባለቤቱ ከጠፋ ግን አታልፈውም። ድሮ አንዱን የለም ብላ አልፋው፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ ራሱን ስቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የጠፋውን ሳትፈልግ ሌላ አትጠራም።

ይሄን አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ያን ጠዋት የወንዛችን ድልድይ ስር ጭቃ የሞላት ቀይ የሕፃን ጫማ አገኘሁ። አንድ እግር ብቻ። ሳቄ መጣ። ወስጄ አግዳሚው ላይ፣ ከሁሉም ፊት አስቀመጥኳት።

ከመንደራችን አናጺ ባርኔጣ ፊት።

አናጺው ግራ ክንዳቸውን እያሻሹ ግድግዳውን ተደግፈዋል።

"ደግሞ አንተን ምን አመመህ?" አሉኝ።

"ጥርሴን ነው ጋሼ።"

"ምነው ምላስህን ባመመህ! መንደሩ ባረፈ።"

ሳቁ። ሲስቁ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። አየሁት... አየሁትና ዝም አልኩ።

ሲስተር ወጣች። ቀይዋን ጫማ አነሳች።

"የማን ናት?"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

አፌ መች አርፎ ያውቃል! "ሲስተር፣ አንዲት ሕፃን ወደ ወንዙ ስትሄድ አይቻለሁ። ትኩሳት ያላት ትመስላለች።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ አናጺው ዞረች። "ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኛል?"

"ሂጂ ልጄ። እኔ እታገሳለሁ።"

ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች።

አንድ ቃል ብጠራት ትመለስ ነበር። ቀልዴ እንዳይበላሽ ሳስቼ ተቀመጥኩ። ለሰው ሳይሆን ለቀልዴ አዘንኩ።

አርባ ደቂቃ ቆየች። በሃያኛው ደቂቃ አናጺው በግድግዳው ላይ ቀስ ብለው ተንሸራተቱ...

ሲስተር ስትመለስ ደረታቸውን በሁለት እጇ እየገፋች ብዙ ታገለች። አልሆነም። ከዚያ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረገችና አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

"አገኘኋት" አለች በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"ልጅቷን። ድልድዩ ስር ተቀምጣለች። ግንባሯ እሳት ነው።"

እኔ ምንም ልጅ አላየሁማ!

"ታዲያ የት አለች?"

"እምቢ አለች። ተራ የያዘልኝ ሰው ይምጣና ይውሰደኝ አለችኝ።"

የነጭ ጋውኗን እጅጌ አየሁት። አምስት ትንንሽ ጣቶች... በውኃ ታትመዋል።

ከቀብሩ በኋላ ሲስተር የዝውውር ማመልከቻ ጻፈች። "የታመመ ሰው ትቼ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ማንን አክማለሁ?" አለች። እናቴ ይሄን ሰምታ እንባዋ መጣ። "እሷ ከሄደች እኔን አፈር አልብሱኝ" አለች።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

"ሲስተር፣ ጫማዋን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ልጅ የሚባል አላየሁም። ጋሼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።"

ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

"ልታጽናናኝ ነው? ተው በቃ። በእጄ ነክቻታለሁ እኮ።"

በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር... ማን ይመነኝ!

ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ ግራ ጫማዬ የለም። አልጋ ስር፣ በር ጀርባ... የለም። እናቴ መድኃኒቷን ልትወስድ ቀድማኝ ወጥታለች። በአንድ ጫማ እያነከስኩ ተከተልኳት።

አግዳሚው ላይ የመጀመሪያው ዕቃ ጫማዬ ነበር። ውኃ ያንጠባጥባል።

ከሱ ቀጥሎ የእናቴ የመነጽር ቤት።

ሲስተር ወጣች። ጫማዬን አነሳች።

"የማን ነው?"

"የኔ!" አልኩ።

ማንም ዞር አላለም።

"የኔ ነው! ሲስተር!" ጮኽኩ። ሲስተር ፊቷ እንዳልቆምኩ አሻግራኝ ሕዝቡን ታያለች። "የማን ነው?"

ከሰው ጀርባ አንድ ቀጭን የሕፃን ድምፅ መጣ።

"ሲስተር... ወደ ወንዙ ሲሄድ አይቼዋለሁ።"

የሲስተር ፊት ተለዋወጠ። ወደ እናቴ ዞረች። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ግራ ክንዷን እያሻሸች ነበር። ላብ በግንባሯ ይወርዳል።

"እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኛል?"

"እማዬ፣ አይሆንም በያት!"

እናቴም አልሰማችኝም። ለሲስተር ፈገግ አለች። "ሂጂ ልጄ። እኔ እታገሳለሁ።"

ሲስተር ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች። ልከተላት ስል...

አንዲት ትንሽ፣ እርጥብ እጅ እጄ ውስጥ ገባች።