በሸረፈዲን ወገብ ላይ የተገኘው አፎት

የሸረፈዲን ሚስት ባህሪያ ስትደውል አላለቀሰችም። «እትዬ ባንቺ፣ ‹ባልሽ ራሱን ገደለ› ይሉኛል። ፖሊሱ ጽፎ ጨርሷል። ቶሎ ድረሽልኝ» አለች።

ባንቺአየሁ በአዲስ አበባ ለአሥራ አራት ዓመት ወንጀል ስትመረምር የኖረች፣ አሁን ጆሃንስበርግ ውስጥ ለአንድ የመድን ድርጅት የምትሠራ ሴት ናት። ጀርሚስተን ካለው የሸረፈዲን የጅምላ መደብር ስትደርስ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሬሳው ገና አልተነሳም።

ሸረፈዲን ከመደብሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ግራ ተዘንብሏል። የተመታው ቀኝ ጆሮው አጠገብ ነው። ሽጉጡ ከቀኝ እጁ ሥር ወለሉ ላይ ወድቋል። ነጭ ሸሚዙ ዙሪያውን ሱሪው ውስጥ ገብቷል። በቀኝ ወገቡ በኩል ሱሪው ውስጥ የተሻጠ አዲስ ቡናማ የቆዳ አፎት በመቆንጠጫው ቀበቶውን ይዟል። አፎቱ ባዶ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ወጣቱ መርማሪ ፖሊስ። «መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ይጮህ ነበር፤ ተኩሱን የሰማ የለም። ሽጉጡ የራሱ ነው። ከወገቡ አወጣ፣ ተኮሰ።»

ባንቺአየሁ ጎንበስ ብላ አፎቱን ከውጭም ከውስጥም በስልኳ ፎቶ አነሳች።

ባህሪያ በሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት። «እሁድ ሬሳውን ይሰጡናል። ራሱን ያጠፋ ከተባለ ማን ይሰግድበታል? ሽማግሌዎቹ ከአሁኑ ስልኬን አያነሱም። ልጆቼ በአባታቸው ስም አንገታቸውን ደፍተው ሊኖሩ ነው። የገደለውን ፈልጊልኝ። ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ሽጉጡ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እዚሁ ካዝና ውስጥ። ከእሱ ሌላ ቁልፉ ያለን ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ ሸሪኩ ሙዘሚልና ካሸሯ ረሒማ።»

ሦስቱም በዚያ ሰዓት መደብሩ ውስጥ ነበሩ።

ሙዘሚል የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትል ነበር። «ከጁምዓ መልስ ምሳ በልቶ ወንበሩ ላይ ያሸልባል፤ የየሳምንቱ ልማዱ ነው። ሬሳውን በደንብ አላየሁም፣ እትዬ። ከበሩ ነው የተመለስኩት።»

«ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር?»

«ላይሰንሱ ከወጣ ገና ወሩ ነው። ከከተማ ዳር ሎኬሽን ሰፈሮች ዕቃ ሲያደርስ ሁለቴ ተዘርፏል፣ ለዚያ ነው ያወጣው። አፎት ሳይኖርህ ይዘህ ብትወጣ ደግሞ ሕጉ አይለቅህም። አፎት ሲያማርጥ ወሩ አለቀ!»

ረሒማ ከካሸር መስኮቷ አልተነሳችም። ቀጭን ሴት ናት፤ ዲፕስሉት ውስጥ ሱቅ የነበረው ባሏ ሙሰብ ከሁለት ዓመት በፊት በዘራፊዎች ተገድሎባታል።

«ዛሬ አፎቱን ታጥቆ ነው የመጣው?» ስትል ባንቺአየሁ ጠየቀቻት።

«አዎ። ጠዋት ወገቡ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ሌላ ያየ አለ?»

«የሌላውን አላውቅም። እኔ አይቻለሁ።»

በማግስቱ ባንቺአየሁ አፎቱ የተሠራበትን አጠያይቃ ሮዘተንቪል ሄደች። ዮኒ እዚያ የቆዳ ሥራ ሱቅ አለው፤ ቀበቶና የሽጉጥ አፎት ይሰፋል። ፎቶውን ገና ሲያየው ሳቀ።

«የእጄ ሥራ ነው። ሸረፈዲንማ ሦስቴ ነው የመጣው። ሚስቱን ሲያጭ እንኳን እንዲህ የመረመረ አይመስለኝም!»

«ምን ምን አየ?»

«በመጀመሪያው ቀን ብቻውን መጥቶ የቆዳውን ውፍረት ሲጫን፣ ስፌቱን ሲቆጥር ዋለ። በሁለተኛው ከካሸሯ ጋር መጣ፤ ዕቃ ሊያመጡ ሲያልፉ ነው። ይኼንኑ ዓይነት መረጠ። ሽጉጡ ሲወጣ የአፎቱ አፍ አይከደንም፣ ቃታውን ሙሉ ይሸፍናል፣ ከሸሚዝ ሥር አያብጥም። ‹ይኼ ነው የእኔ!› ብሎ ተደሰተ። ግን ሽጉጡን አምጥቼ ልለካው ብሎ ሄደ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ከሙዘሚል ጋር መጣ። ልክክ አለለት። ከዚያ ‹ገበሩ የምን ቆዳ ነው?› አለኝ። ልዋሸው እንዴ? ‹የአሳማ› አልኩት። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሳበ! ውኃ አስመጥቶ ሰባት ጊዜ ታጠበ። ሙዘሚል ሲስቅበት ለማንም እንዳያወራ አስማለው። የፍየል ገበር ያለው አዘዘኝ።» ዮኒ ከመደርደሪያው በግማሽ የተሰፋ አፎት አወረደ። «ይኸው፤ ገና አላለቀም።»

ባንቺአየሁ ፎቶውን አጉልታ ገበሩን አሳየችው። የጸጉር ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተነቁጠዋል።

«አሳማ ነው» አለ ዮኒ፤ ሳቁ ጠፋ። «ሐሙስ ይኼንን እህቴ ፊቤ ናት የሸጠችው፤ እኔ ስላልነበርኩ ለማን እንደሆነ አላውቅም።»

እሁድ ጠዋት ሁሉም በዚያችው ጠባብ ቢሮ ተሰበሰቡ። መርማሪ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«ሸረፈዲን ራሱን አልገደለም» አለች ባንቺአየሁ። «ሽጉጥ ደብቆ የሚታጠቅ ሰው ሸሚዙን ወደ ውጭ ይለቃል። የእሱ ሱሪው ውስጥ ነበር። ጠዋት እንዲያ ሆኖ ቢገባ ኖሮ ደንበኛው ሁሉ አፎቱን ባየ ነበር። የገበሩ ቆዳ ደግሞ የአሳማ ነው። ለመንካት እንኳን የተጸየፈውን ነገር ወገቡ ላይ አያስርም። ስለዚህ አፎቱን ያደረገለት ሌላ ሰው ነው።»

«ለምን?» አለ ሙዘሚል።

«ሽጉጡ ከካዝና ወጣ ከተባለ ቁልፍ ያላችሁ ትጠየቃላችሁ። ከወገቡ ወጣ ከተባለ ማንም አይጠየቅም። እሱ ሲያሸልብ ካዝናው ተከፈተ፣ ተተኮሰበት፣ አፎቱ ተሻጠለት። አሁን እንለይ። ሙዘሚል፣ አንተ እጁን ሲታጠብ አይተሃል፤ ያንን አፎት አትመርጥም። ባህሪያ፣ አንቺስ?»

«በዚያው ቀን ነግሮኛል። የነካካውን ልብስ ሁሉ አስወልቄ ነው ያጠብኩት።»

«የገዛው ሰው ‹ይኼ ነው የእኔ› ሲል የሰማ፣ ሲጸየፈው ግን ያላየ መሆን አለበት። በሁለተኛው ቀን የነበረ፣ በሦስተኛው ያልነበረ። ረሒማ፣ ጠዋት አይቼዋለሁ ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ፊቤ ውጭ ቆማለች። ልጥራት?»

«አትጥሪያት» አለች ረሒማ። «እኔ ነኝ።»

ባህሪያ ተወርውራ ጉሮሮዋን ልታንቃት ስትል ሙዘሚል በሁለት እጁ ያዛት።

«ልቀቃት» አለች ረሒማ። «ዓይኔን ማየት አይደል የፈለገችው? ባሌን ዘራፊ አልገደለውም። ሸረፈዲን ነው፤ ዲፕስሉት ውስጥ ከነበረው ሱቁ ፊት ለፊት ሙሰብ ስለከፈተበት ሰው ልኮ አስገደለው። ከተላኩት አንዱ እስር ቤት ሆኖ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ፖሊስ ዘንድ ወሰድኩ፤ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አሉኝ። ከዚያ እዚህ ሥራ ለመንኩት። አዝኖልኝ ቀጠረኝ! ስምንት ወር ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።»

«ልትገድይው?»

«መግደሉ ቀላል ነበር፣ ባህሪያ። የሙሰብ ሬሳ ሲወጣ ከፊት የተሸከሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። በግራ ሙዘሚል፣ በቀኝ እሱ። ያለቅስ ነበር። እኔ የፈለግኩት የእሱን ሬሳ የሚሸከም እንዲጠፋ ነው። ለዚህ ነው ራሱን ያጠፋ እንዲባል ያደረግኩት።»

«ውሸት ነው በይኝ» አለች ባህሪያ።

ረሒማ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለሙዘሚል ሰጠችው። ቆሞ አነበበው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የላካቸው ሰው ስም፣ ሙሰብ ሲለምናቸው ያለው ቃል ሳይቀር ተጽፏል። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።

ባህሪያ የሙዘሚልን ፊት አይታ ሌላ አልጠየቀችም። ሻርፗን አስተካከለች። «የሆነው ሆኖ ባሌ ራሱን አላጠፋም። ለሽማግሌዎቹ ደውልላቸው። ከዐስር ሰላት በኋላ ይሰገድበታል። ተሸካሚ አንተ ጥራ፤ ከፊት አንተ ትሆናለህ።»

«እደውላለሁ» አለ ሙዘሚል። «ራሱን እንዳላጠፋ እነግራቸዋለሁ። ይህንንም አነብላቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የሚሸከም ካለ ይምጣ። እኔ ግን አልሸከምም።»

ረሒማ እጇ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆም ብላ ሰማች። ከዚያም ፖሊሱን ቀድማ ወጣች።