ለዝጉራ የተለቀሰ ሙሾ

የሞተ ወንዝ ማስነሣት እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሥራ ተቆጥሮ፣ ሰው ጠዋት ገብቶ ማታ በሚወጣበት በዚያ ዘመን፣ ይታክቱ የተባለች መሐንዲስ በቤተ ሙከራው የምስል ገበታ ፊት ተቀምጣ የዝጉራን ወንዝ ትንሣኤ ትቆጣጠር ነበር። ሥራውን የሚሠራው መላሽ ነው። መላሽ ማለት ስለ ጠፋ ምድር የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ፣ ወንዙን በቀድሞ ልኩ የሚተልምና ከደመና ማከማቻው ውኃ የሚለቅ ማሽን ነው። ስለ ዝጉራ ግን ካርታ አልተረፈም፤ ይፈስበት የነበረው ቦይም በአሸዋ ከተደፈነ ትውልድ አልፏል። የቀረው አንድ ግጥም ብቻ ነበር።

ረፋድ ላይ ትልሙ በገበታው ላይ ሲወጣ ይታክቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ውኃው ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ የታች ዝጉራን ከተማ ከነጣሪያዋ ውጧታል።

«መላሽ፣ ይህን ልክ ከየት አመጣኸው?»

«ከግጥሙ ነው» አላት ማሽኑ በረጋ ድምፅ። «ዝሆን የሚያሰጥም ይላል፤ የዝሆን ቁመት ይታወቃል። ተራራ የሚገፋም ይላል፤ ለዚያ የሚበቃውን ጉልበት አስልቻለሁ።»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ንብረት ከኋላዋ ቆሞ ትልሙን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሕዝቡን እናንሣ።»

«አንነሣም ብለዋል እኮ።»

«ደመናው እስከ ማታ ካልተለቀቀ ለሌላ ሸለቆ ይሰጣል። ያን ጊዜ ዝጉራን በእኛ ዕድሜ አናየውም። ወይ ሌላ ልክ አምጪ፣ ወይ በዚህ ፈርሚ።»

«ልኩን አመጣለሁ» አለች ይታክቱ። ከየት እንደምታመጣው አላወቀችም፤ ከተማይቱን የሚያሰጥም ወረቀት ላይ እንደማትፈርም ግን ታውቅ ነበር።

የታች ዝጉራን ሽማግሌ ጋሽ ጓንጉልን በመስኮተ ምስሉ ጠራቻቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ።

«ወንዛችን መጣ?»

«ሊመጣ ነው ጋሽ ጓንጉል። ስፋቱ ምን ያህል ነበር?»

«ስፋቱ? ዝሆን ያሰጥም ነበር!»

«በአካባቢያችሁ ዝሆን ነበረ እንዴ?»

«ዝሆን እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቢመጣ ይሰጥም ነበር ነው የምልሽ።»

«አባቴ፣ እንደሚሉት ከሆነ እኮ ቤትዎን ይዞት ይሄዳል።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አጠቆሩ። «ይውሰደው! አያቶቼ ያከበሩትን ወንዝ እኔ ላሳንሰው? ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ ልጄ» ብለው ምስሉን ዘጉ።

ይታክቱ ቃሉን በልቧ አመላለሰችው። ሙት ወቃሽ። አጎቷ የሞተ ጊዜ አልቃሿ «ዝግባው ወደቀ» ስትል ሰዉ ሁሉ ደረቱን መታ። አጎቷ ግን አጭር ሰው ነበር፤ በርጩማ ላይ ሳይቆም ቁም ሣጥኑን መክፈት አይችልም ነበር። ቢሆንም አልቃሿን ዋሸሽ ያላት የለም፤ የሬሳ ሣጥኑንም ልክ ከሙሾው የወሰደ አናጢ አልነበረም።

«መላሽ፣ ይህ የወንዝ መግለጫ አይደለም» አለች። «ሙሾ ነው። ለሞተ የሚለቀስ ነው። ዝሆኑም ተራራውም የሐዘኑን ትልቅነት እንጂ የውኃውን ጥልቀት አይናገሩም። እስቲ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አንብብልኝ።»

መላሽ አነበበ፦

*ተራራ የሚገፋ ዝጉራ አንበሳው፣*
*ዝሆን እያሰጠመ ባሕርን የሚያስረሳው፣*
*ሰማይ ጎንበስ ብሎ ከጀርባህ ሲጠጣ፣*
*ደመና ካንተ ነው ዝናም የሚያመጣ።*

«ይኸው ነው?»

«ሁለት ስንኞች ቀርተዋል። ስለ ሰው እንጂ ስለ ወንዙ ስለማይናገሩ ትቻቸዋለሁ።»

«አምጣቸው!»

*እናቴ በቅሏ ስትቀዳ ጎንበስ ብላ፣*
*ውዬ እጠብቅ ነበር እንስራው እስኪሞላ።*

«እንስራ የሚያጠልቅ ውኃ ቢኖር ሴትዮዋ በቅል ባልቀዳች ነበር» አለች ይታክቱ።

«ሲጠብቅ መዋሉም እንደ ዝሆኑ ማጋነን ሊሆን ይችላል» አለ መላሽ።

«መዋሉ ይሁን፤ ልጅ ሲጠብቅ ቀኑ ይረዝምበታል። ቅሏ ግን እውነት ናት። አልቃሽ ሟችን ለማግዘፍ ይዋሻል እንጂ ለማሳነስ አይዋሽም።»

ጋሽ ጓንጉልን እንደገና ጠርታ ስለ ስፋት ምንም ሳትጠይቅ ሁለቱን ስንኞች ብቻ አነበበችላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም ግራ ቀኝ አይተው፣ ወደ ምስሉ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ፦

«አያቴ... እየዘለለ ይሻገረው ነበር አሉ። ከጓንጉል ሰማሁ ብለሽ ግን እንዳታወሪ!»

«ሞቼ እገኛለሁ አባቴ።»

አዲሱ ትልም ሲወጣ ዶክተር ንብረት ዓይኑን ማመን አቃተው። «ይህ ወንዝ ነው? እንግዶች ጠርቻለሁ እኮ! ይህን ሁሉ ደመና ለዚህች ጅረት?»

«ለዚህች ጅረት ነው ዶክተር። የተለቀሰላት እሷ ናት። የተረፈውን ደመና ለሌላው ሸለቆ ስጥ» ብላ ፈረመች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው በአሸዋው መካከል እየተጥመዘመዘ ወረደ። ስፋቱ ከአንድ ምንጣፍ አይበልጥም። የታች ዝጉራ ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመው እልል አሉ፤ ጋሽ ጓንጉልም ለልጅ ልጆቻቸው «ተጠንቀቁ፣ ይወስዳችኋል!» ሲሉ በምስሉ ተሰሙ። ይታክቱ ሳቀችና ሥራውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«አይዝጉት» አላት መላሽ። «ሥራው አልተፈጸመም።»

«ምን ቀረ?»

«ግጥሙን ደግሜ አነበብሁት። ሙሾ ለሞተ የሚለቀስ ነው ብለውኛል። ከግጥሙ ሥር የተጻፈው ዓመት እንደሚያሳየው ግን፣ በተገጠመ ጊዜ ወንዙ ገና ይፈስ ነበር፤ የነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲያው የሞተችው እናቲቱ ናት እንጂ ወንዙ አልነበረም። እኔ የጠፋውን እንድመልስ ታዝዣለሁ። እናቲቱን ከየት ላምጣት?»

ይታክቱ የዘረጋችውን እጅ መለሰች። ይህ ማሽን ዝሆንን በክንድ ሲለካ ውሎ፣ አሁን ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረውን ጠየቀ። የሰው ልጅም መልሱን ስላጣ ነው ሐዘኑን በወንዝ፣ በተራራ፣ በደመና ስም ሲጠራ የኖረው።

«እሱን እኛም አልቻልንበትም» አለችው።

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

ይታክቱ ወደ ገበታው ተመለከተች። አንዲት ሴት ከውኃው ዳር ጎንበስ ብላ በጣሳ እየቀዳች ነበር። አንድ ሕፃን ከአጠገቧ ቆሞ ይጠብቃታል።

«እንገጥማለን» አለችው፤ ሥራውንም ሳትዘጋው ተነሥታ ወጣች።