የስንዴ ቅንጣት የመሰለች ቋጠሮ

ዚናይዳ መርፌና ክር ከካፖርቷ ኮሌታ ሥር ሳትሰካ ከቤት አትወጣም። ከግሌብ ጋር ያገናኛትም ይኸው ልማዷ ነው። በሞስኮ ትራም ላይ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አጠገቧ የቆመ ረጅም ወጣት የተቀደደ ጓንት አድርጎ አየች። አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ በብርድ ቀልቷል።

«ጓንቱን ይስጡኝ» አለችው።

«እዚህ ላይ?»

«ጣትዎ በብርድ ሳይቆረጥ።»

ትራሙ እያንገጫገጫት ሰፋችለት። መጨረሻ ላይ ክሩን ወደ ኋላ መልሳ፣ ጠቅልላ፣ የስንዴ ቅንጣት የመሰለች ቋጠሮ ቋጠረች።

«መውረጃዎ አላለፈም?» ብላ ቀና አለች።

«ካለፈ ቆየ። ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ማቋረጥ ከበደኝ።»

«እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ጨርቁ ያልቃል እንጂ እሷ አትፈታም። ከእኔ በቀር የሚቋጥራት ሰው የለም አሁን።»

አብረው ወርደው በእግር ተመለሱ። እሱ መጥበሻ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ መሆኑን ነገራት፤ እሷ የልጆች ካፖርት እንደምትሰፋ ነገረችው። ይህን ሲነጋገሩ ሁለቱም ወደ በረዶው ነበር የሚያዩት።

የዚናይዳ ልጆች ውሾች ነበሩ። ሰው ገና ወደ ጠፈር ያልወጣበት ጊዜ ነው። ከመንገድ የተሰበሰቡ ትንንሽ ውሾች ከሩቅ በረሃ በሚተኮስ ሮኬት ቀድመው እየሄዱ መንገዱን ይሞክሩ ነበር፤ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። እሷ የሚለብሱትን ትሰፋለች። ይህንን ለማንም እንዳትናገር ፈርማለች። ከሁሉም የምትወደው ፑጎቭካን ነው፤ ዓይኗ እንደ ካፖርት ቁልፍ የሚያበራ፣ ነጭና ዝገት መልክ ያላት፣ ክር ካገኘች አላምጣ የማትጠግብ ውሻ።

በጋውን ከግሌብ ጋር በወንዙ ዳር ሲመላለሱ ከረሙ። እሱ ብዙ አያወራም፤ እሷ ስታወራ ግን ፊቱ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ቅጠሉ ሲረግፍ «አዲሱ ዓመት ሳይገባ እንጋባ» አላት። እሺ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ የያዛት የጫማው አሸዋ ነው።

ግሌብ ለሥራ ሪያዛን ከተማ ደርሼ መጣሁ ባለ ቁጥር ከጫማው አሸዋ ይራገፋል። ወጥ ቤት የሚጋሯት ጎረቤቷ አክስት ክላቫ መጥረጊያዋን ይዛ እየመጣች፣ «ሪያዛን የበረሃ አገር ሆነች እንዴ?» ትላለች። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ቦታ ቤትና ሚስት አያጣም።»

ዚናይዳ ትስቃለች። ማታ ግን ሳቋ አብሯት አያድርም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ መጣ። መኪና ውጭ ይጠብቀዋል።

«የት ነው?»

«ሪያዛን። የመጥበሻ ጉዳይ።»

«ግሌብ፣ አንድ እውነት ንገረኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ መልሴን እሰጥሃለሁ።»

የመኪናው ጥሩንባ ሁለቴ ጮኸ።

«አልችልም» አለ።

«እንግዲያው እኔም መልስ የለኝም።»

ከእጅጌዋ ላይ አጭር ጸጉር አንስቶ ብርሃን ላይ አያት። «አንቺስ፣ ዚና? የልጆች ካፖርት በሚሰፋበት ቤት የውሻ ጸጉር ምን ይሠራል?»

ዚናይዳ እጅጌዋን አራገፈች። አክስት ክላቫ በርጩማ ይዛ ደረሰች። «ተቀመጡ እንጂ። መንገደኛ ለአፍታ ሳይቀመጥ ይወጣል? መንገዱ አይቀናውም።»

ግሌብ ግን ወጥቷል። አሮጊቷ ቅዱሱ ሥዕል ከመጋረጃ ጀርባ ወደተሸሸገበት ጥግ ዞራ አማተበች።

በዚያው ሳምንት ፑጎቭካም ተሸኘች። ዚናይዳ ልብሷን አልብሳ፣ ደረቷ ላይ የመጨረሻውን ስፌት በስንዴ ቅንጣቷ ዘጋች። ከዚያ የስፌት ክፍሉ ሴቶች ሁሉ እንደ ልማዱ ለአፍታ ጸጥ ብለው ተቀመጡ። ውሻዋም ሰው አይታ ተቀመጠች። ያኔ ማንም አልሳቀም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የውሾቹ ሐኪም የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመች። «ሮኬቱ መንገድ ላይ ጉልበት ከዳው። ውሻዋ ያለችበት ክፍል ሳይቤሪያ፣ ጫካ ውስጥ ወድቋል። ፈላጊዎች ሄደዋል። ብርዱ ግን…» አልጨረሰችውም። «ተስፋ አታድርጉ።»

ዚናይዳ ቤቷ ገብታ ከነካፖርቷ ወጥ ቤት ቁጭ አለች። አክስት ክላቫ የጎመን ሾርባ አቀረበችላት፤ አልነካችውም።

«ለእሱ ነው የምታለቅሺው?»

«ለአንዲት ትንሽ ልጅ ነው። የሰፋሁላት ካፖርት ቀጭን ነበር፣ አክስቴ።»

አሮጊቷ ሌላ አልጠየቀችም። ቆይታ፣ «ስሟን ንገሪኝ፤ እጸልይላታለሁ» አለች።

«ስሟን መናገር አልችልም።»

«ይሁን። እግዚአብሔር ያውቃታል።»

ሾርባው ሲቀዘቅዝ እያየች ግሌብን አሰበች። የራሷን አፍ ቆልፋ የእሱን እንዲከፍት ነበር የጠየቀችው። ይህ እስከዛሬ እንዴት እንዳልታያት ገረማት። ምናልባት እሱም ከእንግዲህ አይመለስም።

አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። ግሌብ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ የአፍንጫው ቆዳ ተልጧል።

«ሪያዛን ዘንድሮ እንዲህ ይበርዳል?» አለች አክስት ክላቫ።

«ዘንድሮ ብሶበታል፣ አክስቴ።»

አሮጊቷ ሻይ ልታፈላ ሄደች። ሁለቱ ቆመው ቀሩ።

«ያልኩህን ተወው» አለች ዚናይዳ። «የጠየቅሁህን እኔም መስጠት አልችልም ነበር።»

ግሌብ አንዲቱን ጓንት አውልቆ ገለበጣትና ጣቱን ቋጠሮዋ ላይ አሳረፈ። «ከእኔ በቀር የሚቋጥራት የለም ብለሽኝ ነበር።»

«የለም።»

«ሰሞኑን ሌላ ቦታ አየኋት። በረዶው እስከ ወገብ በሚደርስበት ቦታ። አንዲት ትንሽ ልጅ ደረት ላይ።»

ዚናይዳ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ካፖርቷ አሙቋት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስንከፍት መጀመሪያ ዝም ነበር። ሁላችንም ባርኔጣችንን አወለቅን። ከዚያ ጮኸችብን፤ እስካሁን የት ነበራችሁ የምትል ትመስል ነበር። እኔን ነከሰችኝ።»

ካፖርቱን ከፈተ። ሹራቡ ላይ ነጭና ዝገት መልክ ያለው አጭር ጸጉር ሞልቷል። «በደረቴ አቅፌ ነው ያመጣኋት።»

አንዷን ጸጉር አንስታ ብርሃን ላይ አየቻት፤ እሱ የዚያን ቀን እንዳደረገው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አሸዋው፣ መጥበሻው፣ የልጆቹ ካፖርት፣ ሁሉም በዚያ ዝምታ ውስጥ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሁለቱም የፈረሙትን ግን አላፈረሱም።

«ሌላኛው ጓንትህስ?» አለች በመጨረሻ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«መንገድ ላይ በላችው።»

«ክር ትወዳለች።»

«መልስሽን ልትሰጪኝ ነበር፣ ዚና።»

«አዲሱ ዓመት ሳይገባ ነው ያልከው አይደል? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ዛሬ መንገድ ላይ የጋብቻ መዝገብ ቤቱ ጋ ጎራ ብለን እናመልክት።»

አክስት ክላቫ ሻይዋን ይዛ ስትገባ በር ላይ አገኘቻቸው። «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?»

«ድናለች፣ አክስቴ» አለ ግሌብ። «ተናካሽ ናት።»

«ተመስገን። ተናካሽ ልጅ ታድጋለች። በሉ፣ አሁን እንኳ ተቀመጡ።»

ግሌብ ሳቅ አለ። «ለትራም መንገድ?»

«ተቀመጥ» አለችው ዚናይዳ።

ሦስቱም ተቀመጡ። የአሮጊቷ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

በሚያዝያ፣ አንድ ሰው ጠፈር ደርሶ በሰላም መመለሱን ሬዲዮ ሲናገር፣ ወጥ ቤቱ በጎረቤት ተሞላ። ግሌብ ቤት አልነበረም፤ እንደገና «ሪያዛን» ሄዷል። ሁሉም ሲተቃቀፍ ዚናይዳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። አክስት ክላቫ ጠጋ ብላ እጇን ያዘች።

«ባልሽ ሲመለስ አሸዋውን እኔ እጠርገዋለሁ» አለቻት በጆሮዋ። «ምንም አልጠይቅም።»